የዲኤክሷ የኋላ ጎማ

ሐይቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰሚሃ
ካሉበት፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጎማ መጠን ስለማሳወቅ

ልጄ ሰሚሃ፣ ከላይ «ጉዳዩ» የሚለውን እኔ አላልኩም። ገብረ ኪዳን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ ሲጽፍ ስለኖረ፣ አያት ለልጅ ልጁ ሰላም ሲልም «ጉዳዩ» ካላለ እጁ አይፍታታም። ሰርዘው ብለው ወረቀት ይበላሻል አለኝ። ይሁን።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዴት ይዘውሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ኡሙሰልማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷን አላመማትም።

በስልክ እናውራ ላልሽው፣ አይሆንም። ቀኝ ጆሮዬን በደርግ ጊዜ የኤንትሬ ካሚዮን ጎማ ስነፋ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ እንደወሰደው ታውቂያለሽ። ግራው ደግሞ ዘንድሮ ሊከተለው ተነሥቷል። ስልክ ሲያስይዙኝ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የምሰማው። ደብዳቤሽን ገብረ ኪዳን በግራ ጆሮዬ እየጮኸ ያነብልኛል፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ሾፌሩ ሐቢብ በአውቶቡሱ ያደርስልሻል። በዚሁ ይበቃናል።

ወደ ጎማው ልምጣ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ውድድሩ መዞሪያ የለውም። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ መብራት ሲበራ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ ይጋልባል፣ ቀድሞ መስመሩን ያለፈ አሸነፈ። ሞተር መነካካት ክልክል ነው፤ ሰው ዕለት ዕለት መንገድ ላይ እንደሚነዳት መሆን አለባት። ጎማ ብቻ የፈለጉትን ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ውድድሩ የጎሚስታ ነው ማለት ነው። ያንን ወንዱ የሚባለውን የሥራ ባልደረባሽንም ሰምቻለሁ። «ዲኤክስ ለሠርግ አጀብ እንጂ ለሩጫ አትሆንም» አለሽ? በቪትዙ ሊቀድምሽ? ያችን መኪና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ኮምቦልቻ ተምረሽ የመካኒክ ወረቀትሽን የያዝሽ ዕለት ሰው ሁሉ እያየ ቁልፏን በእጅሽ ያኖርኩት ለሠርግ አጀብ አይደለም። ሴት ልጅ ምን አገባት የሚል ካለ ደግሞ አድራሻዬን ስጪው።

ጋራዥ ያሉት ጎረምሶች ቸርኬዋን ወደ አሥራ አምስት ቀይሪ፣ ሰፊና ረጅም ጎማ አልብሻት እንዳሉሽ ነግረሽኛል። ከነሱ ይልቅ እኔን መጠየቅሽ ደግ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የጎማ ቁጥር ግን በጨለማ በጣቴ ዳስሼ አነባለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱ ነው፣ ሁለተኛው ቁመቱ ከወርዱ ስንት እጅ እንደሆነ ነው፣ የመጨረሻው ቸርኬው ነው። በጎማ ላይ ሌላ የሚነበብ ነገር ቢኖር የሻጭ ጉራ ነው።

ቸርኬሽን አትንኪ። አሥራ ሦስት ይቆይ። የዲኤክሷ ሞተር የስልሳ ምናምን ፈረስ ጉልበት ነው፤ ከባድ ቸርኬ ስታሸክሚያት ከመነሣቷ በፊት ታዛጋለች። ትልቅ ጎማ ትልቅ ሞተር ላለው ነው። አሁን ሁለት ነገር ለክተሽ ላኪልኝ። አንዱ፣ ኋላ ላይ ሰው ስትጭኚ ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው ስንት ጣት ይቀራል? ሁለተኛው፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ አልችልም ብሎ የሚጮኸው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? መልሴ ሳይደርስሽ ምንም እንዳትገዢ።

አያትሽ ሀሚዱ ጎሚስታው
(የአውራ ጣት አሻራ)

~

ሐይቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚሃ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽን ብዬ አልጠይቅም፤ ጤነኛ ብትሆኚ ያንን ጎማ አትገዢም ነበር።

መንገድ ተዘግቶ ደብዳቤዬ አምስት ቀን ደሴ አደረ። እሺ። እኔ በአምስት ቀን ሞቼ አልተቀበርኩም፤ አትጠብቂም ነበር? 195/65፣ ቸርኬ አሥራ አምስት! ገብረ ኪዳን ቁጥሩን ሲነግረኝ ስድስት አንብቦ ዘጠኝ ያለኝ መስሎኝ ደግሞ አስነበብኩት። ከነበረሽ ጎማ እኮ ሦስት ጣት ይረዝማል። ስትነሣ ሰነፈች አልሽ። ለምን አትሰንፍ! ረጅም ጎማ ማለት ማርሹን ሁሉ ማስረዘም ማለት ነው። አንድ ዙር ለመዞር ሞተሩ ድሮ ከሚገፋው አብልጦ ይገፋል። ጎኑም ሲታጠፍ ፓራፋንጎ ይልሳል፤ «ኋላ ላይ ሽው ሽው የሚል ድምፅ አለ» ያልሽው እሱ ነው። ሽው ሽው የሚለው ገንዘብሽ ነው።

ጎረምሶቹ ቪዲዮ አሳዩሽ። ጥሩ። ቪዲዮው ላይ ያለችው መኪና የአራት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት። የሰው ሚስት ጌጥ አይቶ ሚስቱን የሚያስጨንቅ ባል ናቸው።

ጎማውን ለሻጮቹ መልሺላቸው። አልቀበልም ካሉሽ የኔን ስም ጥሪ፤ ሶማሌ ተራ ውስጥ ከድሮዎቹ ሰዎች ሀሚዱ ጎሚስታውን የማያውቅ የለም፣ ካልሞቱ።

አሁን ቁጥሩን ያዢ፦ 165/65፣ ቸርኬ አሥራ ሦስት። አጭር ጎማ ነው። ለግሸን ተሳላሚ በጫነ አውቶቡስና በአምባሰል ዳገት መካከል አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዳገት ላይ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቆም አይቻለሁ። አጭር ጎማ ያለው ይወጣል። ለስላሳ ላስቲክ ምረጪ፤ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ጫን ስትይው ምልክቱ ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋውን። የሚገፉት የኋላዎቹ ናቸውና ደጉን ጎማ ለኋላ። መኪና ስትነሣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ያንቺ የምትገፋው በኋላ ስለሆነ መሬት ትቧጥጣለች። የወንዱ ቪትዝ በፊት እግሯ ነው የምትጎትተው፤ ስትነሣ አፍንጫዋ ይቀላል፣ ትንሸራተታለች። መጀመሪያ ላይ የምትቀድሚው እዚህ ነው።

ሌላ ወሬ የለም። አብሽሪ።

አያትሽ ሀሚዱ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያለው የሀሚዱ ቃል አይደለም። ጣታቸውን ካተሙ በኋላ እኔ ገብረ ኪዳን የጨመርኩት ነው። «ሌላ ወሬ የለም» ያሉት ሐሰት ነው።

ያለፈውን ደብዳቤሽን ያነበብኩላቸው እዚሁ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። በግራ ጆሮአቸው ካልጮኹ አይሰሙም፤ ጮኽኩ። ባለጉዳዩም፣ ገበያተኛውም፣ በግ ሻጩም ሰማ። ስለ ውድድሩ ለማንም እንዳይነገር የጻፍሽውን መስመር ራሱን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ቀትር ሳይሆን አጎትሽ ሙሐዲን ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። «የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ከጎረምሳ ጋር መኪና ልታጋልብ ነው! ዲኤክሷ ትምጣና ከሐይቅ ደሴ ሰው ታመላልስ፤ እሷም አብራ ትምጣ» አለ። ሀሚዱ ተቆጡ። አንዱ ሽማግሌ «ካልቀደመችሳ?» ቢሏቸው ተነሥተው «ወላሂ፣ ከዚያ ልጅ ቪትዝ ኋላ ከገባች ቁልፉን ራሴ ተቀብዬ በሙሐዲን እጅ አኖራለሁ!» ብለው ማሉ። ሰዉ ሁሉ ሰማ። ላንቺ አይነገር ብለዋል፤ መሪ ላይ ሐሳቧ ይበተናል ብለው ነው። እኔ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተከሳሽ ሳይጠራ የተሰጠ ፍርድ ጥሩ ሲሆን አላየሁም። ጥፋቱ የጉሮሮዬም ስለሆነ ነገርኩሽ።

ገ/ኪዳን

~

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ፣ ለአባባ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ እባክዎ ይህንን ሰው በሌለበት ያንብቡላቸው።

አባባ፣ ስለ መሐላው ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ ብለው አይጠይቁኝ፤ አልናገርም።

መኪናዋን ሰጡኝ። ሰው እያየ ነው የሰጡኝ፣ እርስዎም ጽፈውታል። ሞተሯን በነዚህ እጆቼ ሁለት ጊዜ አውርጄ ገጥሜአለሁ። ጠዋት ጋራዥ የምደርሰው በእሷ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት መንገድ ላይ ለቆመ መኪና ሲልከኝ የመፍቻ ሣጥኔን የምጭነው በእሷ ነው። መኪና የሌለውን መካኒክ ለውጭ ጥሪ አይልኩም። እሷ ከሄደች ለጥሪው ወንዱ ይላካል፣ እኔ ጎማ እያጠብኩ እቀራለሁ። ከዚያ አጎቴ እንዳለው ሐይቅ እመለሳለሁ። እርስዎ ይህንን ሁሉ በአንድ «ወላሂ» አስያዙት። እኔን አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ!

ከሁሉ የከፋኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አጎቴ ያሰበው አላስገረመኝም። እርስዎ ግን እሱን ለመርታት ብለው የኔን ቁልፍ መዘዙ።

ውድድሩን አልተውም። ለእርስዎ መሐላ ብዬ አይደለም፤ ለወንዱ አፍ ብዬ ነው። 195ቱን ሻጩ ተቀብሎኛል። 165ቱን ነገ እገጥማለሁ። ሲነዳ ምን እንደሚመስል እጽፍልዎታለሁ። እርስዎ ግን አንድ ቃል አለብዎት፤ አፉ በይኝ ይበሉኝ።

ሰሚሃ

~

ሐይቅ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚሃ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ሰው በሌለበት ይነበብ ስላልሽ እኔና ገብረ ኪዳን በሽምግልናችን ወደ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ሄደን፣ ሐይቁ ዳር ቄጠማው ውስጥ ተቀምጠን አነበብነው። እሱ ጮኸ፣ ዳክዬዎቹ ተነሡ፣ አንድ ከገዳሙ የሚመጣ መነኩሴ ሰው የተጣላ መስሎት ሊገላግለን መጣ። መሐላ የሚለው ጋ ሲደርስ ገብረ ኪዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያልፈው ሞከረ። ያኔ ማን እንደነገረሽ ገባኝ። «አንተ ነህ?» አልኩት። «ቃሌን ለፍርድ ቤት እሰጣለሁ» አለኝ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ የሚጽፍልኝ አጣሁ።

አፉ በይኝ አልልሽም። ምን አጠፋሁ? ሙሐዲን የወለድኩት ልጅ ነው፤ በአደባባይ ቆሞ «ልጅቷ አትችልም» ሲለኝ ዝም ልበል? ዝም ብል «እውነቱን ነው» ማለቴ አልነበረም? ትሸነፋለች ብዬ አልማልኩም፤ ታሸንፋለች ብዬ ነው የማልኩት። ሰው በማያምንበት ነገር ይምላል? ያንቺ አያት እንዲህ ያለ ፈሪ ቢሆን ነበር ማፈር ያለብሽ።

ተቆጥተሻል። ተቆጪ። ቁጣው ግን እግርሽ ላይ እንዳይወርድ፤ ፍሪሲዮን በቁጣ አይለቀቅም።

ነፋሱን እንዲህ አድርጊ። የኋላዎቹን ሃያ አራት፣ የፊቶቹን ሠላሳ ስምንት። ኋላ ሲላላ መሬት በሰፊው ይይዛል፤ ፊት ሲጠነክር ሳይጎተት ይንከባለላል። ከመነሻው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ጎማውን ባለበት አሽከርክሪው፣ አቧራውን ይትፋ። ጭስ እስኪወጣ ድረስ እንደ ጎረምሶቹ አታድርጊ፤ ያንቺ የመንገድ ጎማ ነው፣ ብዙ ከሞቀ ይላሽቃል፣ ከላሸቀ ይንሸራተታል። ወደ ቤት ስትመለሺ ነፋሱን መልሰሽ ሙዪ፤ በላላ ጎማ ከተማ መንዳት ቸርኬ መስበር ነው።

እናትሽ ስለ መሐላው ሰምታ እህል አላቀረበችልኝም። ራሴ አቅርቤ በላሁ።

አያትሽ ሀሚዱ
(የአውራ ጣት አሻራ)

~

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚሃ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

የላክሽው ደብዳቤ ደረሰኝ። አጥር ጥግ ቆመን አነበብነው፤ ገብረ ኪዳን አሁን ጆሮዬን በሁለት እጁ ከልሎ መጮህ ለምዷል። ተሳሳቱ አልሽኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ በክሪክ ነበር የምመልስለት።

ስትነሣ እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ የወንዱን ቪትዝ በአንድ መኪና ርዝመት ቀደመች፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ ግን ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ ጮኾ አለቀበት፣ አራተኛ እስክታስገቢ ጊዜ ባክኖ ወንዱ አለፈሽ። ሦስቴ ሞክረሽ ሦስቴም እንዲሁ። ገባኝ አልኩ፤ እውነቱን ግን አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።

ሃያ ሜትር ገመድ ገዛሁ። ገብረ ኪዳንን አንዱን ጫፍ አስያዝኩትና ሐይቁ ሜዳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሃያ ጊዜ ለካን። ፒካፕ የሚያህል ግመል የሚነዱ የባቲ ነጋዴዎች ቆመው «አባባ፣ መሬት ሊካፈሉ ነው?» አሉኝ። «የልጄን መንገድ ነው» አልኳቸው። ሃያኛው ላይ ስንደርስ ዞሬ አየሁ። የተነሣንበት ድንጋይ አይታየኝም። ወላሂ ይህን ያህል ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የነዳሁበት ቀን የለም! እኛ አገር መቶ ሜትር ሳትሄጂ ወይ ትዞሪያለሽ፣ ወይ ትወጫለሽ፣ ወይ ትወርጃለሽ። እዚህ ጎማ የሚመረጠው ለመነሣት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣሽ ዳገቱ ራሱ ያቆምሻል። የሚጨርሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ተሳስቻለሁ አልልም። ዳገት ላይ ልክ ነኝ። አንቺ ያለሽበት ሜዳ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸውልሽ። ሦስተኛ ማርሽ የድሮው ጎማ ላይ መቶ አሥራ አምስት ድረስ ይሄዳል ብለሻል። መስመሩ ላይ የምትደርሺው በመቶ አሥር፣ በመቶ አሥራ ሁለት ከሆነ፣ ሦስተኛው ትንፋሹን ሊጨርስ ሲል መስመሩ ከእግርሽ በታች ያልፋል። አራተኛ አትነኪም። ስለዚህ ቁመቱ የድሮውን ያህል፣ ወርዱ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ላስቲኩ የለሰለሰ፦ 175/70፣ ቸርኬ አሥራ ሦስት። ኋላ ላይ ሁለት ብቻ። አዲስ አትግዢ። ግማሽ የተበላ ፈልጊ፤ የአዲስ ጎማ ጥርስ ረጅም ስለሆነ ስትነሺ ይልመጠመጣል፤ የተበላው ቆንጥጦ ይይዛል። ግማሽ የተበላ ለስላሳ ጎማ ማንም ስለማይፈልገው በርካሽ ታገኛለሽ። ጎኑን በእጅሽ ዳብሺ፤ ስንጥቅ ካለው ወርቅ ቢሆንም ተዪው። የፊቶቹን ቀጫጮቹን አትቀይሪ።

አጎትሽ ትናንት መጥቶ ዲኤክሷ የምትቆምበትን ቦታ ግቢያችን ውስጥ ጠርጓል። ድንጋይ ሲያነሣ አየሁት። አንቺ ለሱ መልስ ስጪልኝ።

አያትሽ ሀሚዱ
(የአውራ ጣት አሻራ)

~

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ ይህንን የትም ያንብቡት። ከፈለጉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ።

ተሸነፍኩ።

ጎማው ልክ ነበር። መጀመሪያ ይህንን ይወቁልኝ። 175/70፣ ግማሽ የተበላ፣ ሃያ አራት ነፋስ። መብራቱ ሲበራ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተችም። ሦስተኛ ማርሽ መስመሩ ላይ ነው ያለቀው፤ እርስዎ በገመድ እንዳሉት፣ አንድ ሜትር አላነሰም አልበለጠም። ወንዱ በግማሽ ኮፈን ቀደመኝ። የሱ ሞተር ከኔ ሃያ ዓመት ያንሳል፤ በጎማ የማይሞላ ነገር ይህ ነው። ከዚህ ቀደም ሦስቴ ስንሞክር በመኪና ሙሉ ነበር የሚያልፈኝ። ከውድድሩ በኋላ መጥቶ ተንበርክኮ የኋላ ጎማዬን አየ። «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። «ራስህ አንብበው» አልኩት። ስለ ሠርግ አጀብ አላነሣም።

አሁን ስለ ቁልፉ። አልሰጥም።

አባባ፣ እርስዎ የማሉት በራስዎ አፍ ነው። መኪናዋ ደግሞ የኔ ናት። የሰጡትን ዕቃ መልሰው ማስያዝ አይችሉም፤ የሰው በግ አርደው ዝክር እንደማውጣት ነው። ቁልፉን ተቀብዬ ብለው ምለዋል፤ እኔ ካልሰጠሁ የሚቀበሉት የለም። ሐቢብ በአውቶቡሱ ሊያመጣው በአጎቴ ተልኮ እንደሆነም ነገረኝ። ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። አጎቴ ራሱ ቢመጣ ሻይ እጋብዘዋለሁ፤ ቁልፉን አያየውም። ሽማግሌ ቢልኩም፣ እናቴ ብታለቅስም፣ እርስዎ ቢረግሙኝም ያው ነው። ነገ ጠዋት በእሷ ሥራ እገባለሁ።

ያፈርኩብዎት ከመሰለዎት ይበሉ። እኔ ግን አላፈርኩም።

ሰሚሃ

~

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚሃ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ጎማዎቹን ነፋስ ሞልተሻቸዋል?

የትም ያንብቡት ስላልሽ ገብረ ኪዳን ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ወንበሩ ላይ ቆሞ አነበበው። እኔ አላዘዝኩትም። «ተሸነፍኩ» ሲል ሰዉ ወደኔ ዞረ። «አልሰጥም» ሲል አንዱ ከኋላ ሳቀ። ማን እንደሳቀ አላየሁም፤ በግራ ጆሮዬ ግን ሰማሁት፣ ምን ያህል ጮኾ እንደሳቀ አስቢው።

እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ። ውሸት አልነግርሽም። ተነሥቼ ቤት ገባሁ፣ እስከ መግሪብ አልወጣሁም። ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ሲበላ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ሌላውን ስል የኖርኩት። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሀሚዱ ዋሸ ያለ የለም።

ከዚያ ሙሐዲን ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ሸህ ጠሃንም ጨምሮ አመጣቸው፤ ነገሩን በዲን ሊያስርብኝ ነው። «አባባ፣ ቃልዎ» አለኝ። ጠርጎ ያሰናዳውን ቦታ በመስኮት አየሁት። ከዚያ እሱን አየሁት። ቦታ ሲጠርግ ሰንብቷል፤ ልጅቷን እንዴት ነሽ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም።

ወደ ሸህ ጠሃ ዞርኩና «ሸሃችን፣ ወላሂ ብሎ ምሎ ያፈረሰ ሰው ኪታቡ ምን ያደርገዋል?» አልኳቸው።

«ከፋራ አለበት» አሉኝ። «አሥር ሚስኪን ያበላል።»

«በቃ?»

«በቃ። መጸጸትም አለበት።»

«እንግዲህ ይመስክሩ፤ አፍርሼዋለሁ። አሥሩን ነገ አበላለሁ።»

ሙሐዲን አፉ ተከፈተ። «አባባ! በሰው ፊት የማሉትን!» አለ።

«በሰው ፊት ነው የማፈርሰውም» አልኩት። «መኪናዋ የሷ ናት። ባልያዝኩት ዕቃ ምያለሁ። አንተም ባልያዝከው ዕቃ ቦታ ጠርገሃል። ሁለታችንም ያው ነን፤ እኔ ግን ከፋራዬን እከፍላለሁ።»

ሸህ ጠሃ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ሀሚዱ፣ የእውነት ተጸጽተሃል?» አሉኝ። «በመማሌ ተጸጽቻለሁ» አልኳቸው። «በማፍረሴ ግን አልጸጸትም።» ይህንን ላንቺም ነው ያልኩት። ሁለተኛ አልለውምና ገብረ ኪዳን አጥርቶ ይጻፈው።

አሥሩን ከየት እንዳመጣኋቸው ልንገርሽ። ከፍርድ ቤቱ በር ነው። ከየገጠሩ መጥተው ቀጠሮ ሲጠብቁ ስንቃቸው ያለቀባቸው ናቸው፤ ከነሱ በላይ ሚስኪን የለም። እኔ ለገብረ ኪዳን እየተናገርኩ ሳስጽፍልሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምተዋል፤ 195/65 ከ175/70 እንደሚለይ ከጎረምሶቹ አብልጠው ያውቃሉ። አንዱ የአርዲቦ ገበሬ «ለኋላ ሃያ አራት፣ ለፊት ሠላሳ ስምንት» እያለ ገባ። እናትሽ በግ አሠራች፤ ለክርስቲያኖቹ ጾም ስለሆነ ሽሮ ለብቻ። ገብረ ኪዳን እኔስ ሚስኪን አይደለሁም ወይ ብሎ አሥራ አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ሙሐዲን ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ከቆምክ አይቀር አቅርብ» አልኩት። አቀረበ።

ከመካከላቸው ባንቺአየሁ የሚሏት ባልቴት ነበረች፤ በመሬት ክርክር አምስት ዓመት የተመላለሰች፣ ከአምባሰል በእግሯ የምትመጣ። የመጨረሻው ደብዳቤ ሲነበብ ችሎት ገብታ ስለነበር አልሰማችም። እጇን ከሳህኑ አንሥታ «ልጅቷ ቀደመች?» አለችኝ።

«ተቀደመች» አልኳት።

«ውይ! ታዲያ መኪናዋን ወሰዱባት?»

«ማን አባቱ ይወስድባታል!»

«እሰይ!» አለች። «እንግዲያው ጨምሩልኝ።»

ሙሐዲን ጨመረላት።

አያትሽ ሀሚዱ ጎሚስታው
(የአውራ ጣት አሻራ)